ሳንባን የሚጎዳው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና የሐኪሞች መልስ

ለዚህ እትም ከጎንደርና ከዙሪያዋ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፤ ጉንፋን መስሎ የጀመረ ሕመም ሰውን እንዴት ኦክስጅን ላይ ያደርሳል፣ ቤተሰብስ ምን ማድረግ ይችላል? የሚመሳሰሉትን አዋህደን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው አምስት ቀን ተኝተው ትኩሳቱ በርዶላቸው ነበር። በስምንተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ «አሁን የሚጎዳቸው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን የራሳቸው መከላከያ ጭምር ነው» አለን። የሰው መከላከያ እንዴት ባለቤቱን ይጎዳል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሐኪሙ የነገራችሁ ልክ ነው። ነገሩ እንዲገባ ግን መጀመሪያ የሳንባን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን የሚሆኑ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። በከረጢቱ አየርና በደም ሥሩ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል። ኦክስጅን በቅጽበት ወደ ደም የሚያልፈው ግድግዳው ይህን ያህል ስስ በመሆኑ ነው፤ በቀላሉ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግድግዳውን ሁለት ዓይነት ሴሎች ያለብሱታል። አንደኞቹ ዝርግና ስስ ናቸው፣ ከገጹ 95 በመቶውን ይይዛሉ። ሁለተኞቹ ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሰል ነገር ያመነጫሉ። ይህ ቅባት ካነሰ ከረጢቱ አየር ሲወጣ እንደ ሁለት እርጥብ ላስቲኮች ተጣብቆ ይቀራል። ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮቪድ ወደ ታች ሲወርዱ በተለይ የሚያጠቁት እነዚህን ሁለተኞቹን ሴሎች ነው።

ቫይረሱ ሴል ውስጥ በገባ በሰዓታት ውስጥ ሴሉ ባዕድ ነገር መግባቱን ያውቅና ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃል። ጎረቤት ሴሎች ይህ ሲደርሳቸው የቫይረሱን መራቢያ መንገድ ይዘጋሉ። በከረጢቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖሩት ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ ሴሎችም የሞተውንና የተበከለውን ይውጣሉ። ኢንተርፌሮኑ በጊዜው ከደረሰ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰውየው ሦስት አራት ቀን አስሎት ይነሣል።

ችግሩ የሚመጣው ይህ የመጀመሪያ መልስ ሲዘገይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። አንዳንድ ሰው ደግሞ በራሱ ኢንተርፌሮን ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ በኮቪድ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ከታመሙት መካከል ቢያንስ 10 በመቶው እንዲህ ዓይነት ሰዎች መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ታውቋል። መልሱ ዘግይቶ ቫይረሱ ከተባዛ በኋላ ሁለተኛው ማዕበል ይነሣል። ኢንተርሉኪን 6፣ ቲኤንኤፍ እና ሌሎች ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች በብዛት ይለቀቃሉ፣ የደም ሥር ግድግዳ ይላላል፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እየጎረፉ ሳንባ ውስጥ ይገባሉ። ኒውትሮፊል ባክቴሪያን የሚፈጭበት ኢንዛይም ይዟል፤ ሲሞትም የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይረጫል። ኢንዛይሙም መረቡም ጠላትንና የገዛ ሥጋን አይለዩም። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚደርሱት ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ቫይረስ ያለበትን ሴል ፈልገው ይገድላሉ። ሥራቸው አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተገደለ ሴል በዚያ ስስ ግድግዳ ላይ ክፍተት ትቶ ይሄዳል።

በክፍተቱ ፕሮቲን ያለው ፈሳሽ ከደም ወደ ከረጢቱ ይፈስሳል። ሰርፋክታንቱን ያበላሸዋል፤ ደም የሚያረጋው ፋይብሪን የሚባል ፕሮቲን ረግቶ ውስጡን ይለብጠዋል፤ በትንንሾቹ የደም ሥሮችም ደም ይረጋል። ስለዚህ ቫይረሱ እየቀነሰ ባለበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን፣ ሳንባው በጣም የከፋበት ደረጃ ላይ ይገኛል። ትኩሳት መብረዱ የሳንባውን መዳን አያመለክትም። ቤተሰብ የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው፤ በሽተኛው «ዛሬ ይሻለኛል» ባለ በማግስቱ ይባስበታል።

ፈሳሽ በሞላበት ከረጢት አጠገብ የሚያልፍ ደም ኦክስጅን ሳያነሣ ያልፋል። ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን የሚለኩት በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት ለታካሚው በሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ በማካፈል ነው። በጤነኛ ሰው ውጤቱ ከ400 በላይ ነው። 300ና ከዚያ በታች ሲሆንና በሁለቱም ሳንባ ላይ ፈሳሽ ሲታይ አጣዳፊ የሳንባ መድከም ይባላል፤ 100ና ከዚያ በታች ከባዱ ነው። የደም ወሳጅ ናሙና መመርመሪያ በማይገኝበት ሆስፒታል ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥር መሥራት ይቻላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኪጋሊ በወጣ ጥናት የቀረበ ሲሆን መነሻው 315ና ከዚያ በታች ነው።

በአባትዎ ላይ ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ። ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ተሽሎ መልሶ መውደቅ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ጠራጊ ፀጉሮች ያረግፋል፤ ቫይረሱን ያስቆመው ኢንተርፌሮን ራሱ ደግሞ ማክሮፋጆች ባክቴሪያን የሚይዙበትን አቅም ለጊዜው ያዳክማል። በዚህ ክፍተት ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይገባሉ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችንን ባረገፈው የኅዳር በሽታ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከሞቱት የሚበዙት የሞቱት በዚህ ተከታይ የባክቴሪያ ምች ነው። ትኩሳቱ ከብርድ ብርድ ጋር ከተመለሰ፣ አክታው ቢጫ ወይም የዝገት መልክ ካለው፣ በአንድ ጎን ሲተነፍሱ የሚወጋ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። በቫይረስ ሕመም በመጀመሪያው ቀን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይህን አይከላከልም፤ የሚተርፈው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል ዴክሳሜታሶን ተሰጥቷቸው ዳኑ። አሁን በሰፈራችን ሰው ትኩሳት ሲጀምረው በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ ይውጣል። መከላከያው ራሱ ጎጂ ከሆነ ቀድሞ ማብረዱ ምን ጉዳት አለው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ እናመሰግናለን፤ በዚህ መንገድ ሰው እየተጎዳ ነው። በመጀመሪያው መልስ እንዳልነው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንተርፌሮን የሚሠራባቸው፣ ቫይረሱ የሚታገድባቸው ቀናት ናቸው። ዴክሳሜታሶን ያን ጊዜ ሲወሰድ የሚያስተኛው የሚያስፈልገንን መልስ ነው። በስምንተኛው ቀን ሲሰጥ የሚያስተኛው ግን ከልክ ያለፈውን ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ቀኑ ግን ውጤቱን ይገለብጠዋል።

ቁጥሩን እንዲያውቁት እንፈልጋለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ውጤቱ ይፋ በሆነው በብሪታንያ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን እስከ 10 ቀን ተሰጠ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መድኃኒቱን ያገኙት 29.3 በመቶ፣ ያላገኙት 41.4 በመቶ ሞቱ። ኦክስጅን ብቻ ከሚያገኙት ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱት 23.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 26.2 በመቶ ሞቱ። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው መካከል ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14.0 በመቶ ሞቱ። የመጨረሻው ልዩነት ጉዳትን በእርግጠኝነት የሚያረጋግጥ ባይሆንም ጥቅም እንደሌለው ግልጽ ነው። በኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ስቴሮይድ (ዴክሳሜታሶንና መሰሎቹ መድኃኒቶች) ከተሰጣቸው ታካሚዎች መካከል የሚሞቱት እንደሚበዙ በተደጋጋሚ ስለታየ በዘፈቀደ አይታዘዝም።

በእኛ አካባቢ ሦስት ተጨማሪ አደጋዎች አሉ። አንደኛው ተደብቆ የተኛ ቲቢ ነው፤ ስቴሮይድ ይቀሰቅሰዋል፤ ለተወሰኑ ቀናት ሳሉና ትኩሳቱ ስለሚቀንስም ምርመራው ይዘገያል። ሁለተኛው ስኳር ነው፤ ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው በሦስት አራት ቀን ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ስትሮንጊሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ነው። በባዶ እግር ሲሄዱ ከእርጥብ አፈር በቆዳ ይገባና ለብዙ ዓመታት ያለ ምልክት ይኖራል። ስቴሮይድ ሲወሰድ እጮቹ ያለ ገደብ ይባዛሉ፣ ከአንጀት ባክቴሪያ ተሸክመው በደም በኩል ሳንባ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ለሞት ያደርሳል። ትሉ የሚጠረጠርበት ታካሚ ስቴሮይድ ሲታዘዝለት አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት በኪሎ 200 ማይክሮግራም አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በሜዳ ላይ በግብርና የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ስቴሮይድ ሲጀመርለት ይህን ለሐኪሙ አስታውሱት።

ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው ይህን አንብቦ በድንገት እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ሰውን ይጥላል።

ጥያቄ፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዝተን እናታችንን ስንለካቸው 91 አሳየ። ኢንተርኔት ላይ «ከ94 በታች ድንገተኛ ነው» ይላል፤ ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ «አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው፣ አትደንግጡ» አሉ። የቱን እንመን? (ከአራዳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጥሩ ልክ መሆኑን እናረጋግጥ። እናትዎ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ። እጃቸው ቀዝቃዛ ከሆነ አሙቁላቸው፤ የቀዘቀዘ ጣት ደም ስለማይደርሰው ቁጥሩ ይወርዳል ወይም ይዘላል። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት ብርሃኑን ሊያውክ ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ይምረጡ፤ ሁሉም ከተቀቡ የእግር ጣት ላይ ይሞክሩ። ጣቱ እስከ ጫፉ ይግባ፣ እጁ አይንቀሳቀስ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በእጅ አንጓ የልብ ምታቸውን ለአንድ ደቂቃ ቆጥረው መሣሪያው ካሳየው ጋር ያስተያዩ። በጣም ከተለያዩ የኦክስጅኑን ቁጥር አይመኑት።

መሣሪያው በሁለት ነገር ይሳሳታል፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ ያደርጉታል። አንደኛው የቆዳ ጥቁረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ልኬቶች ላይ ነበር። ሁለተኛው ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ መሣሪያው ግን ሁለቱን አይለይም፣ 98 ያሳያል። በሽተኛ በተኛበት ክፍል ምድጃ አይግባ፤ ለቡና የሚነደው ከሰልም ውጭ ይሁን።

ወደ ከፍታው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እዚህ የሚኖር ጤነኛ አዋቂ በእረፍት ላይ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ93 እስከ 97 ያገኛል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው 93 አሳየ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ሆኖም «ከፍታ ነው» እየተባለ የሚታለፈው ነገር ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ጤነኛ ሰዎች ተለክተው አማካያቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከጎንደር 1,400 ሜትር ከፍ ብሎ የሚኖር ጤነኛ ሰው 95 ካለው፣ ጎንደር ላይ ሳል ያለበትን ሰው 91 በከፍታ ማመካኘት አይቻልም። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መሣሪያ፣ ሁለት ሦስት ጤነኛ የቤት ሰዎችን ለኩ። እነርሱ 95 ሆነው እናትዎ 91 ከሆኑ ልዩነቱ የበሽታው ነው።

ስለዚህ በትክክል ተለክቶ 91 ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። ከ90 በታች ከሆነ ሰዓት የሚሰጥ አይደለም። ቁጥሩ 94ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተጠራጠራችሁ በቤት ውስጥ 40 እርምጃ ያህል ይራመዱና ወዲያው ይለኩ፤ በ3 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሳንባው መጠባበቂያው አልቋል ማለት ነው። ቀድሞውኑ ዝቅ ያለውን ሰው ግን አታስኪዱ።

መለኪያ የሌለው ሰው ትንፋሽ ይቁጠር። አዋቂ በእረፍት ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ የጣቱ ቁጥር ምንም ቢል አስጊ ነው። አንዳንድ ታካሚ ኦክስጅኑ 85 ሆኖ «ደህና ነኝ» ይላል። ምክንያቱም የትንፋሽ ማጠር ስሜትን አጥብቆ የሚቀሰቅሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው፤ እሱ ደግሞ ከተጎዳ ሳንባም ቢሆን በቀላሉ ይወጣል። የበሽተኛውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጄ ይስላል፣ ደረቱ ገባ ወጣ ይላል። አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይላሉ። (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ እንጥሉ አይቆረጥ። የልጁ ሕመም ከጉሮሮ በታች ነው፤ እንጥል መቁረጥ ሳንባውን አይነካውም፣ የሚያመጣው መድማትና የደም መመረዝ ነው። አያቱ ለልጁ ብለው እንደሆነ እናውቃለን፤ ሳይጣሉ አብረዋቸው ትንፋሹን ይቁጠሩ፣ ዓይናቸው ሲያይ ይረዱታል።

ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ልብሱ እስከ ደረቱ ተገልጦ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት በሕፃን ላይ ያሳስታል፣ አተነፋፈሳቸው ወጥ አይደለምና። ከሁለት ወር በታች 60ና በላይ፣ ከሁለት እስከ 11 ወር 50ና በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የእርስዎ ልጅ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ እየገባ ስለሆነ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ዛሬ ይታይ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ሳያለቅስ የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። እነዚህ ምልክቶች ለሌሉት የሳንባ ምች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ትሰጣለች፤ መጠኑ በክብደት ሲሆን በአንድ ጊዜ በኪሎ 40 ሚሊግራም ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ብዙ እናቶች ልጁ በሁለተኛው ቀን ሲጫወት ያቋርጡታል፤ የታዘዘው ቀን ይሙላ። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ደግሞ ቀኑ እስኪሞላ ሳይጠብቁ ይመልሱት።

ሕፃናት ለምን ቶሎ ይወድቃሉ ላሉን፦ ቧንቧቸው ጠባብ ስለሆነ ነው። አዋቂ የማይሰማው ትንሽ እብጠት በእነርሱ ላይ አብዛኛውን መንገድ ይዘጋል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታቫለንትና ከጥቅምት 2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት ዋነኞቹን የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች ይሸፍናሉ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው። የክትባት ካርዱን አውጥተው ያጎደለው ካለ ያሟሉ። ልጁ የሚተኛበት ቤት ምድጃ ካለበት ልጁን ያውጡ ወይም ምድጃውን፤ ጭስ የቧንቧውን ጠራጊ ፀጉሮች ያደክማል፣ ማክሮፋጆቹም በጥላሸት ተሞልተው ባክቴሪያ መዋጥ ይሳናቸዋል። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሲታጠንም ሳል ያለበት ልጅ በርና መስኮት ተዘግቶለት ቤት ይዋል።

ጥያቄ፦ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር መከላከያን ያጠናክራሉ? ቫይታሚን ሲስ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል የነርቭ መመረዝ ያስከትላል። ከእነዚህ ውስጥ የሳንባ ከረጢት ሲጎዳ ጉዳቱን እንደሚያስቆም የተረጋገጠ የለም። ቫይታሚን ሲም እንዲሁ። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ግን የተለየ ነው፤ ሞትን ይቀንሳል፣ ከጤና ጣቢያ ይወሰድ።

«ማጠናከር» የሚለው ምኞት ራሱ መታረም አለበት ብለን እናምናለን። በከባድ ሕመም ላይ ያለ ሰው ሳንባ ተጨማሪ ኃይል አያስፈልገውም፤ ችግሩ መልሱ ቀድሞ አለመድረሱ ነው። መልሱን ወደፊት የሚያመጣው ክትባት ነው፤ የተከተበ ሰው ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ያልተከተበው ግን በቂ መጠን ለማምረት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል።

ሁለት ነገር አታድርጉ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ በእንፋሎት አትጠኑት፤ ይቃጠላል፣ ኦክስጅንም ያንስበታል። «ብዙ ጠጣ» እያላችሁም በግድ አታጠጡት። የደም ሥሩ በላላበት ሳንባ ትርፉ ፈሳሽ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ጸበል ሲሰጠውም ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ ይሁን፤ በደቂቃ 30 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ሲውጥ በቀላሉ ትን ይለዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሆስፒታል ሲተኛ በሆዱ እንዲተኛ አደረጉት፤ በኋላም ማሽን ላይ ገባ። ሰው «ማሽን የገባ አይወጣም» ይላል። (ከጠዳ)

መልስ፦ በሆድ መተኛት ከመድኃኒት እኩል ነው። የሳንባ ሰፊው ክፍል በጀርባ በኩል ያለው ነው፤ በጀርባ ሲተኙ ልብና ሆድ እዚያው ላይ ይጫኑታል፣ ፈሳሹም ይከማቻል። ሲገለበጡ ያ ክፍል ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሙከራ ማሽን ላይ ያሉ ከባድ ታካሚዎች በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው ሲተኙ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 16.0 በመቶ፣ በጀርባቸው ከተኙት 32.8 በመቶ ነበሩ። ነቅቶ በኦክስጅን ላይ ያለ ሰውም ራሱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ትራስ ከደረቱና ከዳሌው ሥር አድርጉለት፣ ሲደክመው በጎኑ ይተኛ። ልክ እንደበላ አይገልበጥ።

ማሽኑ ሳንባን ሊጎዳ የሚችለው ብዙ አየር ሲገፋ ነው፤ ያልተጎዱት ጥቂት ከረጢቶች ከልክ በላይ ይለጠጡና ብግነቱ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሙከራ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊሊትር አየር ከመስጠት ይልቅ 6 ሲሰጥ ሞት ከ39.8 ወደ 31.0 በመቶ ወረደ። ኪሎው በሚዛን የሚለካው ሳይሆን ከቁመት የሚሰላ ነው፤ 170 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ወንድ 66 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፣ በአንድ ትንፋሽ 400 ሚሊሊትር ያህል ይደርሰዋል። ሰው ሲወፍር ሳንባው አያድግምና። ማሽን የገባ ሁሉ አይሞትም፤ ዘግይቶ የገባ ግን ዕድሉ ይጠባል።

አስታማሚ ሊያግዝ የሚችልበት ነገር ኦክስጅኑን መጠበቅ ነው። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 6 ሊትር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሊትር የኦክስጅኑን ድርሻ በ4 ነጥብ ያህል ያሳድጋል። ከረጢት ያለው ጭምብል ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል፤ ታካሚው ሲስብ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ከተጨማደደ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነው፣ ነርሷን ይጥሩ። ኦክስጅኑ ድንገት ከወረደ መጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ ወይም ሰው ረግጦት እንደሆነ፣ የውሃ ጠርሙሱም ክዳን በደንብ መገጠሙን ተመልከቱ። አፍንጫ ላይ የሚገባውን ጫፍ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋ ካላወጣ አየር እየመጣ አይደለም። በኦክስጅን አጠገብ ጧፍ፣ ክብሪት፣ እጣን አይለኮስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሆስፒታል ከወጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ አሁንም ዳገት ሲወጣ ያለከልካል። ሳንባው ጠባሳ ይዞ ይቀራል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ያገግማል፤ ሆኖም በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው። ቅባት የሚያመነጩት ሁለተኞቹ ሴሎች ተባዝተው የጠፉትን ስስ ሴሎች ይተካሉ፣ ማክሮፋጆች ፍርስራሹን ይጠርጋሉ። ድካም እስከ ስድስት ወር ቢቆይ የተለመደ ነው፤ የማለክለኩ ከፊሉም የሚመጣው በአልጋ ላይ ከሟሸሸው ጡንቻ ነው። በየቀኑ በሜዳ ላይ ይራመድ፣ እያወራ መሄድ በሚችልበት ፍጥነት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምር። ሲራመድ መለኪያው ከ90 በታች ከወረደ ቆሞ ይረፍ፣ ይህ ከተደጋገመ ይመለስ።

ቶሎ መታየት ያለበት፦ አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ደረቱን ከወጋው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ የሌሊት ላብና መክሳት ከታከለበት ደግሞ፣ በተለይ ስቴሮይድ ወስዶ ከሆነ፣ አክታው ጂንኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ መሣሪያ ለቲቢ ይመርመር። ዕድሜው ከ50 በላይ ከሆነ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ከታመመበት ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ሲሞላው የደረት ራጅ ይደገምለት፤ የመጀመሪያውን ፊልም ይዞ ይሂድ።